ማጋይኒን የሊፖሶሙን ሽፋን ከበሳ በኋላ የቀለሙ ፍሰት ለምን ይቆማል?

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ፣ በ1987 ከአፍሪካዊቷ ባለጥፍር እንቁራሪት ቆዳ መገኘቱ የተገለጸው ማጋይኒን 2 የተባለ ባለ 23 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) የሕዋስ ሽፋንን እንዴት እንደሚበሳ እየመረመርኩ ነው። አወንታዊ ሙል ያለው ይህ ፔፕታይድ አሉታዊ ሙል ወዳላቸው የባክቴሪያ ሊፒዶች (የሽፋኑ ቅባቶች) እንደሚሳብ፣ እዚያም የሄሊክስ (የጥምዝ) ቅርጽ ይዞ በሽፋኑ ላይ እንደሚጋደም፣ ክምችቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ደግሞ ሊፒዶቹን ራሳቸውን ወደ ውስጥ አጥፎ የቀዳዳው ግድግዳ አካል እንደሚያደርጋቸው ተረድቻለሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ካልሲን (ታጭቆ ሳለ የሚደበዝዝ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን የሚፈካ ቀለም) በተሞሉ ሊፖሶሞች (ከሊፒድ የተሠሩ ጥቃቅን ሰው ሠራሽ ከረጢቶች) ላይ ፔፕታይዱን 1 ለ 100 በሆነ የሊፒድ ምጣኔ ስጨምር፣ ፍካቱ በፍጥነት ይነሳና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ፣ የቀለሙ ግማሽ እንኳ ሳይወጣ፣ ባለበት ይቆማል፤ ሊፖሶሞቹን በዲተርጀንት ሳፈርሳቸው ግን የቀረው ሁሉ ይወጣል። ፔፕታይዱ በሽፋኑ ሁለት ገጾች ላይ ሲደላደል ቀዳዳዎቹ ተዘግተው ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሁሉም ሊፖሶሞች ከፊል ይዘታቸውን አፍስሰው ይሁን፣ ወይስ አንዳንዶቹ ፈጽሞ ተራቁተው ሌሎቹ ሳይነኩ ቀርተው፣ ከዚህ የፍካት መስመር ብቻ መለየት አልቻልኩም። ሁለቱን የሚለይ፣ በተለይም ባለኝ አንድ ፍሎሮሜትር (የፍካት መለኪያ መሣሪያ) ሊሠራ የሚችል ሙከራ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።