የኔትወርክ ዓይነትን ከመተግበሪያ ውስጥ ስለመቀየር የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

በሀዋሳ አሞራ ገደል ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች የዕለት ምርት መመዝገቢያ የሚሆን የአንድሮይድ መተግበሪያ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ሐይቁ ላይ የፎርጂ ሲግናል ሲደክም ስልኩ ወደ ስሪጂ ቶሎ ስለማይወርድ መዝገቡ ሳይላክ ይቀራል። በኤዲቢ (ስልክን ከኮምፒውተር ለማዘዝ በሚያገለግል መሣሪያ) በኩል «ፕሪፈርድ ኔትወርክ ሞድ» (ተመራጭ የኔትወርክ ዓይነት) የሚለውን ሴቲንግ ብለውጠውም፣ ቁጥሩ ተቀይሮ ይታያል እንጂ ሞደሙ (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል) በነበረበት ይቀጥላል። በአንድሮይድ 12 የመጣው የኔትወርክ ዓይነት መወሰኛ ትእዛዝ ደግሞ ለሲስተም መተግበሪያዎች ብቻ የሚሰጠውን «ሞዲፋይ ፎን ስቴት» የተባለ ፈቃድ፣ አለዚያም በሲም ካርዱ በኩል የሚገኝ የኦፕሬተር ሥልጣን ይጠይቃል። ሩት ማድረግ፣ ማለትም የስልኩን ሲስተም ሙሉ በሙሉ የመቆጣጠር ሥልጣን መክፈት፣ የአስጋሪዎቹን ስልክ ለአደጋ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ አልፈልገውም። ተጠቃሚውን ወደ ሞባይል ኔትወርክ ሴቲንግ ገጽ ከመምራት ሌላ መንገድ ካለ፣ ወይም መዝገቡን በስልኩ ላይ አቆይቶ ግንኙነት ሲመለስ በዎርክ ማናጀር (ሥራን አቆይቶ ሁኔታው ሲመች በሚያስፈጽም የአንድሮይድ መሣሪያ) መላኩ የሚሻል ከሆነ፣ ልምዱ ያላችሁ ባለሙያዎች እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።