ለቤት ልምምድና ከጓደኞች ጋር ለመጫወት የሚሆን ትንሽ የጊታር አምፕ፦ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ

ሰላም ወዳጆች። ኤሌክትሪክ ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን የተጫወትኩት ከጊታሩ ጋር አብራ በመጣች ትንሽ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን) ነው። ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ሕይወት ያጣል፤ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ይሰነጠቃል። አሁን የተሻለ ለመግዛት ተነስቻለሁ።

ሁኔታዬ እንዲህ ነው። የምኖረው ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርታማ ውስጥ ነው። የምለማመደው ማታ ነው፣ ልጄ ከተኛች በኋላ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ቤዝና ኪቦርድ ከሚጫወቱ ሁለት ጓደኞቼ ጋር እንገናኛለን። ድራመር የለንም። መድረክ ላይ የመውጣት ሐሳብም የለኝም። የምወደው ንጹሕ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ካለው ይበቃኛል። አንዳንዴ ግን ዲስቶርሽን (የሻከረ ድምፅ) ያምረኛል።

አንድ አምፕ ሁለቱንም ሥራ ይችላል? 10 ዋት ይበቃል ወይስ 50 ልግዛ? ግራ ገብቶኛል፤ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ከጊታር አስተማሪ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከዋት ቁጥር እንላቀቅ። ተማሪዎቼም የሚጠይቁኝ መጀመሪያ እሱን ነው። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ልዩነቱ ይሰማሃል፣ ግን ትንሽ ነው። ለጆሮህ እጥፍ እንዲመስልህ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 5 ዋት አምፕ በተመሳሳይ ስፒከር ከባለ 50 ዋት ጋር ሲወዳደር ግማሽ ያህል ይሰማል እንጂ አንድ አሥረኛ አይሆንም።

ከዋቱ ይልቅ ስፒከሩን እይ። አንተ የምትወደው ንጹሕ ድምፅ ነው። ንጹሕ ድምፅ ከትንሽ ስፒከር ሲወጣ ሳጥን ውስጥ የታፈነ ይመስላል። 5 ኢንች ለማታ ልምምድ ያገለግላል። ከቤዝና ከኪቦርድ ጋር ሲሆን ግን ኮርድህ ይጠፋል። ቢያንስ 8 ኢንች ይሁን። ቤትህ ቦታ ካለው 10 ወይም 12 ኢንች የበለጠ ደስ ይላል።

ሱቅ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። የራስህን ጊታር ይዘህ ሂድ። ማስተር ቮልዩሙን (ዋናውን የድምፅ ማዞሪያ) ዜሮ ላይ አድርገህ ጀምር። አንድ ኮርድ እየመታህ ማዞሪያውን በጣም በቀስታ ክፈተው። አንዳንዱ አምፕ ጸጥ ብሎ ይቆይና በአንድ ፀጉር ልዩነት ድንገት ይጮሃል። ልጅህ ተኝታ የምትጫወተው በዜሮና በአንድ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ድምፁ ቀስ እያለ የማይወጣ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ተወው። ሻጩ ከፍ አድርጎ ሲያሰማህ አትወሰድ። ከፍ ሲል የማያምር አምፕ ጥቂት ነው።

መልስ፦ ከአንድ የቲዩብ አምፕ ወዳጅ

እኔ ከቲዩብ፣ ማለትም ድምፁን በመስታወት ቱቦዎች ከሚያጎላ አምፕ፣ ሌላ አልመክርም። ክሩን ቀስ ብለህ ስትነካው ንጹሕ ነው። ጠንከር አድርገህ ስትመታው ራሱ ይሻክራል። የጊታሩን ቮልዩም በትንሹ ጣትህ መለስ ስታደርገው ደግሞ ተመልሶ ይጠራል። ፔዳል ሳትረግጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ድምፅ ታገኛለህ ማለት ነው። ያንን ስሜት አንዴ ከለመድከው መመለስ ይከብዳል።

ባለ 5 ዋት ቲዩብ ፈልግ። ለሦስት ሰው ጨዋታ ይበቃል። እንደ ፌንደር ብሉስ ጁኒየር ያለ 15 ዋት ከወሰድክ ደግሞ ድራመር ቢመጣም አትጨነቅም።

መልስ፦ አምፕ ከሚጠግን ሰው

ከላይ የተናገረው ወንድማችን ስለ ቲዩብ ድምፅ ያለው እውነት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ለዚህ ጠያቂ አይሆንም። ቲዩብ ያ የሚያምር መሻከር የሚመጣለት ሲጮህ ነው። 5 ዋት ቲዩብ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስስ ግድግዳ አያስቆመውም። ልጅ በተኛችበት ቤት እስከዚያ ድረስ መቼ ይከፍተዋል?

ቲዩብ ከገዛህ ግን ሁለት ነገር አትርሳ። ስፒከሩ ሳይያያዝ አታስነሳው፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ጀርባውንም ራስህ አትክፈት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ለማንኛውም አምፕ የሚሆን ምክር ደግሞ ይኸው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። ለ120 ቮልት የተሠራ አምፕ 230 ቮልት ላይ ከተሰካ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይበላሻል። እንዲህ ሆኖ የሚመጣልኝ አምፕ ብዙ ነው። ሁሌም ያሳዝነኛል፤ አንዲት መስመር ማንበብ ነበር የሚያስፈልገው። ሌላው፣ ሄድፎንህን የሄድፎን ምልክት ያለበት መሰኪያ ላይ ብቻ ሰካ። የውጭ ስፒከር መሰኪያም ጀርባ ላይ ይኖራል፣ ቅርጹም ይመሳሰላል። እዚያ ከሰካኸው ሄድፎንህ ይቃጠላል፤ ለጆሮህም አደጋ ነው።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ገመዱን ሰክተህ መሰኪያው ጋ በትንሹ ወዝወዝ አድርገው። ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ መሰኪያው ላልቷል። ማዞሪያዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አዙራቸው። ቢንቋቁ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ስፒከሩ ራሱ የሚንተከተክ ከሆነ ግን ትተኸው ሂድ።

መልስ፦ አፓርታማ ውስጥ ከምትጫወት ሴት

እኔም እንዳንተ ማታ ነው የምጫወተው። ስለዚህ ከራሴ ልምድ ልንገርህ።

ድምፁን ዝቅ ስታደርገው "ሕይወት ያጣል" ያልከው የአምፑ ጥፋት ብቻ አይደለም። የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ነው የሚሰማው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 በመለኪያ ያሳዩት ነገር ነው። እኔ ማታ ቤዙንና ትሬብሉን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ ከሰው ጋር ስጫወት እመልሰዋለሁ። ዛሬ ማታ በያዝከው አምፕ ላይ ሞክረው።

ለአንተ ሁኔታ ሞዴሊንግ አምፕ የሚሻል ይመስለኛል። የተለያዩ አምፖችን ድምፅ በዲጂታል አስመስሎ የሚያወጣ ነው። ሪቨርቡም ዲስቶርሽኑም አብሮት ይመጣል፤ ዝቅ ሲልም ባሕርዩ ብዙ አይለወጥም። ለምሳሌ ቦስ ካታና 50 ባለ 12 ኢንች ስፒከር ነው። ኃይሉን ወደ 25 ዋት ወይም ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርድ ማዞሪያ አለው። ቦታ ከጠበበህ ደግሞ የያማሃ ቲኤችአር አምፖች አሉ። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ በትንሽ ድምፅ በጣም ያምራሉ። ስፒከሮቻቸው ግን 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆኑ ቤዝ ጊታር ሲመጣ ይሸነፋሉ።

ሄድፎን ባለ ገመድ ይሁን። በብሉቱዝ ሄድፎን ስትጫወት ክሩን ከመታህ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ሙዚቃ ለመስማት ችግር የለውም፣ ለመጫወት ግን ምት ያስታል። አምፑንም ወለል ላይ አታስቀምጠው። ታች ያለውን ጎረቤት የሚረብሸው ወለሉን የሚያንቀጠቅጠው ወፍራም ድምፅ ነው። ወንበር ላይ አድርገህ ሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፍለት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ቤዝና ትሬብሉን ትናንት ማታ ሞከርኩት፤ በአሮጌው አምፕ እንኳን ልዩነት አለው። አንድ ነገር ልጨምር። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛዬ የራሱ አምፕ የለውም። በአዲሱ አምፕ ሁለታችንም ልንጫወት እንችላለን? ድራመር የሆነ ወዳጅም ልናመጣ እያሰብን ነው።

መልስ፦ ከቤዝ ተጫዋች

አይሆንም ወዳጄ። የጊታር ስፒከር ለቤዝ ወፍራም ድምፅ አልተሠራም። ዝቅ አድርጎ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከፍ ካለ ግን የስፒከሩን ወረቀት ይጎዳዋል። ደግሞ ሁለት መሣሪያ በአንድ አምፕ ሲገባ ሁለቱም ይጨፈለቃሉ። ጓደኛህ ትንሽም ብትሆን የቤዝ አምፕ ይፈልግ። ኪቦርዱም የራሱ ስፒከር ይኑረው።

ድራመር ከመጣ ነገሩ ይለወጣል። ድራም ማዞሪያ የለውም። በትራንዚስተር (ቲዩብ በሌለው አምፕ) ወይም በሞዴሊንግ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ዋትና ጥሩ 12 ኢንች ስፒከር ያስፈልግሃል። ድራመሩ በብሩሽ ወይም በኤሌክትሮኒክ ድራም ከተጫወተ ያነሰም ይበቃል።

ጊታሪስቶች ሁሉ የሚሠሩትን አንድ ስሕተት ልንገርህ። ቤት ብቻቸውን ሲጫወቱ ሚድሉን (መካከለኛውን ድምፅ) ቀንሰው ቤዙን ይጨምራሉ፤ ለብቻው ሲሰማ ያምራል። እኛ ጋ ሲመጡ ያ ቤዝ ከእኔ ጋር ይጣላል፣ ጊታሩም አይሰማም። ከዚያ ቮልዩም ይጨምራሉ፣ እኔም እጨምራለሁ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ከኛ ጋር ስትሆን ሚድሉን መልስ፣ ጌይኑንም (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ቤት ከምታደርገው ቀንስ። አምፑን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገህ ስፒከሩን ወደ ጆሮህ አዙር። ስፒከሩ እግርህን እያየ ሳለ ራስህን ልትሰማ አትችልም።

ጠያቂው

ዛሬ ሱቅ ሄጄ ጊታሬን ሰክቼ ሦስት አምፕ ሞከርኩ። መጀመሪያ ባለ 5 ኢንች ነበር። ዝቅ ሲል ያምራል፤ ሙሉ ኮርድ ስመታ ግን ወፍራሙ ክር ይደባለቅብኛል። ሁለተኛው 15 ዋት ቲዩብ ነበር። እውነትም ጣቴን ይከተላል። ማስተሩን ስከፍተው ግን ልክ እንደተባለው ነው፤ ከዝምታ ወደ ጩኸት አንድ ፀጉር ነው ያለው። ልጄን አሰብኩና ተውኩት።

ሦስተኛው ኃይሉን ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርደው ባለ 12 ኢንች ነው። ግማሽ ዋት ላይ አድርጌ፣ ሻጩ አጠገቤ ቆሞ በተለመደ ድምፅ እያወራኝ፣ ኮርዱ ሙሉ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። የጀርባውን ቮልት አንብቤ፣ መሰኪያውን ወዝውዤ ገዛሁት። አሁን ወንበር ላይ ነው፣ ሥሩ ስፖንጅ አለ።

መልስ፦ ከጊታር አስተማሪ

እንኳን ደስ አለህ! ውስጡ ብዙ ዓይነት ድምፅ ስላለ የመጀመሪያውን ሳምንት ማዞሪያ በማዞር እንዳትጨርሰው። አንድ ንጹሕ ድምፅ፣ አንድ ዲስቶርሽን ምረጥና አስቀምጥ። ሌላውን ጓደኞችህ ሲመጡ አብራችሁ ሞክሩት።