ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ለምንድነው ቶሎ የማይደመጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ድምፄ በጣም ቀጭን ነው እና ስብሰባ ላይ ሀሳብ ሳነሳ ሁሉም ስልኩን ይነካካል፣ ያንኑ ሀሳብ ድምፁ ወፈር ያለ ልጅ ሲደግመው ግን ቀና ብለው ያዳምጡታል፣ በጣም ነው የሚያመኝ። እውነት ድምፅ ይሄን ያህል ለውጥ አለው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ አንቺ አይደለሽም እህቴ። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት የአንድን ሰው ድምፅ በኮምፒውተር ቀጠንና ወፈር አድርገው "ምረጡኝ" ሲል አሰሙ፣ ተናጋሪው ወንድም ይሁን ሴት ሰው ያዘነበለው ወደ ወፍራሙ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ማርጋሬት ታቸርም እኮ ድምጿን ዝቅ ለማድረግ ሰልጥናለች።

መልስ፦ ግን ወፍራም ድምፅ ከችሎታ ጋር ምን አገናኘው? ጉሮሮ ውስጥ ያለው የድምፅ አውታር ረዘምና ወፈር ሲል በሰከንድ የሚርገበገበው ያንሳል፣ ድምፁም ይወፍራል፣ የወንድ 120 ጊዜ የሴት 200 ጊዜ አካባቢ፣ በቃ ይሄው ነው።

መልስ፦ የኔም እንዳንቺ ነበር። ስንጨነቅ ጉሮሮ ይወጠርና ድምፅ ይባስ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ከመናገሬ በፊት ትንፋሽ አወጣለሁ ከዛ ቀስ ብዬ እጀምራለሁ። በግድ ለማወፈር ግን እንዳትሞክሪ፣ ጉሮሮሽን ትጎጂዋለሽ።