ከድሬዳዋ እስከ ዋሽንግተን ያለውን የጉዞ ሰዓት ለማስላት እርዳታ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት እናቴ በሐምሌ ከድሬዳዋ ተነስተው በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዋሽንግተን ዳለስ ስለሚጓዙ፣ ሐኪማቸው የኢንሱሊናቸውን ሰዓት ለማስተካከል ጠቅላላውን የጉዞ ጊዜ እንዳመጣ ጠይቀውኛል። እስከ ቦሌ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ አያስቸግርም። ከቦሌ እስከ ዳለስ ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ 13 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ሆኖም ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኑ አውሮፕላኑ ከባድ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋስ ከፊት ይገጥመዋል። በቲኬቱ ላይ የተጻፉት ሰዓቶች የየአገሩ ሲሆኑ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። ይህን 7 ሰዓት ልደምረው ወይስ ልቀንሰው? በዚህ መስመር የተጓዛችሁ፣ ከቤት እስከ መድረሻ ስንት ሰዓት እንደወሰደባችሁ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።