«መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሳይሉ ረጅም ጾም ማስጀመር በሕግ ይከልከል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ባለፈው ሳምንት ራሱን በራሱ የጀመረ ነው። አንድ ልጅ «21 ቀን በውሃ ብቻ፣ አእምሮህ ይታደሳል» የሚል ማስታወቂያ እዚህ ለጠፈ። ግማሻችሁ «መዝግበኝ» አላችሁ፣ ግማሻችሁ «ሰው ልትገሉ ነው» ብላችሁ ተነሣችሁ። ስለዚህ ጥያቄውን እናጥበው። ከሦስት ቀን በላይ ምግብ የሚያስቆም ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ጸበል ቦታም ይሁን ጸሎት ቤት ወይም የኦንላይን አሰልጣኝ፣ ሰውየው የአእምሮ ሕመም እንዳለበትና መድኃኒት እንደሚወስድ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ሕግ ያስገድደው ወይስ አያስገድደው? በምክንያት ተናገሩ። የማን ሃይማኖት ይበልጣል የሚለው ለሌላ ቀን። ስድብ የጻፈ ይወጣል።

የሽሮሜዳው፦ አያስገድደው። ሱባኤ ገብቼ አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ራስ ምታቱ ጨርቄን ሊያስጥለኝ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ ሁሉ ይደብረኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት ለጸሎት ስነሣ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲንጫጫ የከረመው ነገር ሁሉ ዝም አለ። ኪዳን ሲደርስ እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይገባኝ ጀመር። ለዚህ ነገር ፎርም የሚያስሞላኝ ቢሮ አልፈልግም።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ የተሰማህን ማንም አይወስድብህም። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ልንገርህ። ራስ ምታቱ አብዛኛውን ጊዜ ቡና ነው። ጠዋት ማታ ቡና የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከቀናት በኋላ ይለቀዋል። ሌላው ስኳር ነው። ጉበት ያከማቸው ስኳር አንድ ቀን ገደማ ነው የሚያዘልቀው። እሱ ሲያልቅ ሰውነት ስብ አቃጥሎ ኬቶን የሚባል ነገር ይሠራል። አንጎልም ቀስ በቀስ ወደዚያ ይዞራል። ጾሙ ለሳምንታት ከዘለቀ ከሚፈልገው ጉልበት እስከ ሁለት ሦስተኛውን ከኬቶን ሊያገኝ ይችላል። ረሃቡ ጋብ የሚለው፣ አንዳንድ ሰው ላይም ቀለል የማለት ስሜት የሚመጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ ስሜቱ ወደሚንርበት ወደ ማኒያ ሲገባ ምን ይሰማዋል? ጭንቅላቱ ይጠራለታል። እንቅልፍ አያምረውም። የሚያየው የሚሰማው ሁሉ ለእሱ የተላከ መልእክት ይመስለዋል። የመጀመሪያ ቀን ላይ ካንተ ስሜት ለመለየት እኔም እቸገራለሁ። በዚያ ላይ የእንቅልፍ እጦት ብቻውን ማኒያን ይቀሰቅሳል፣ ሱባኤ ደግሞ ሌሊቱን መቆም አለው። አንተ ጤነኛ ስለሆንክ ተመለስክ። እሱን ማን ይጠይቀው?

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ የምትዪው ገብቶኛል። ነገር ግን ሁሉ ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ እየገባ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው ሲባል ሰው 55 ቀን አይበላም ማለት አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተቆይቶ የጾም ምግብ ይበላል። ምእመኑ እህል ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይበት ረጅሙ አክፍሎት ነው፤ እሱም የቻለ ብቻ፣ የትንሣኤ ሌሊት ያበቃል። ሲያበቃም ዘሎ ዶሮ ላይ የሚወጣ የለም። እናቶቻችን መጀመሪያ ተልባ ነው የሚያቀርቡት። የታመመውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷን የንስሐ አባት ያቀልላቸዋል። ጠያቂው እንግዲህ አለ። መንግሥት የንስሐ አባት ይሁን ነው የምትሉት?

ከዳላስ፦ ዲያቆን፣ እኔን የጠየቀኝ የንስሐ አባት አልነበረም፣ ካርዴን ነው የጠየቁኝ 😂 ከፍዬ ነው ውሃ ብቻ የጾምኩት። አሰልጣኙ ግሩፕ ከፍቶ በየቀኑ ኪሎ ያስለጥፋል። ልቤ ይመታል፣ ሌሊቱን አልተኛሁም ብዬ ስጽፍ «ቶክሲን እየወጣ ነው፣ ደስ ይበልህ» አለኝ። ሌላዋ ልጅ «አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል» ስትል ለእሷም ያው መልስ። ስንከራከረው ያ ስኮትላንዳዊ 382 ቀን ጾሞ የለም ወይ ብሎ ዝም አሰኘን።

ጋሽ ጡረታ፦ ሰውየው አንገስ ባርቢዬሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1966 ነው የጾመው። ሲጀምር 207 ኪሎ ነበር፣ ሲጨርስ 82። ይህ እውነት ነው። አሰልጣኝህ የዘለለው ግን ሐኪሞቹን ነው። ሆስፒታል ይከታተለው ነበር፤ ቫይታሚን ይሰጡታል፣ ፖታሲየም ይሰጡታል፣ ደሙንና ሽንቱን ይመረምራሉ። ስቡም ቢሆን የዓመት ስንቅ ነበር። 60 ኪሎ የሆነ ልጅ እሱን አይቶ ምን ሊሆን ነው?

ስለ «አእምሮ ይታደሳል» ደግሞ ሌላ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶችን በፈቃዳቸው አስርቧል። ጭራሽ አልከለከሏቸውም፤ ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሱባቸው። በአካልም በአእምሮም ጤነኛ ናቸው ተብለው የተመረጡ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ምግብ አብስለው የማያውቁ ጎረምሶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነቡ ጀመር። ሳህን ይልሳሉ። ይኮራረፋሉ። ብዙዎቹን ድብርት ያዛቸው፣ አንዱ በመጥረቢያ ሦስት ጣቱን ቆረጠ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላ እንኳ የአንዳንዶቹ መንፈስ ቶሎ አልተስተካከለም።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ፣ ያ ረሃብ ነው። ጾም ዓላማ አለው።

ጋሽ ጡረታ፦ ዓላማማ ነበራቸው ልጄ! ጦርነት አንዘምትም ያሉ ልጆች ናቸው። በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ይታወቅ ብለው ነው የተራቡት። ከዚህ የበለጠ ዓላማ ከየት ይምጣ?

ዲያቆኑ፦ ይህንን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ጸሎት፣ ስግደት፣ አብሮህ የሚጾም ጉባኤ አልነበራቸውም። ሰውን የሚይዘው እሱ ነው።

ሲስተር፦ ልክ ነህ፣ አብሮ መጾም ይይዛል። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ከሚጾመው ይልቅ የእናንተው ይሻላል። ተልባውን ስላነሣህ ደግሞ ደስ አለኝ። ብዙ ቀን ጭራሽ ያልበላ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠግብ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ድንገት ይወርዳል፣ ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ቫይታሚን ቢ1 ካለቀበት ደግሞ ይንገዳገዳል፣ ይቀባጥራል፣ ያለበትን አያውቅም። ይህን ሲያዩ «ያዘው» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ሰውየው የሚያስፈልገው መርፌ ነው፣ ዛሬ ነገ የማይባል።

ሐዋሳ፦ እኔም «አያስገድድ» ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከሽሮሜዳው ይለያል። እኛ ጸሎት ቤት የሦስት ቀን ደረቅ ጾም የተለመደ ነው፣ ረዘም የሚያደርጉም አሉ። በር ላይ «የአእምሮ ሕመም አለብህ?» የሚል ወረቀት ብታስቀምጡ ማን «አዎ» ይላል? ያቺን ወረቀት አስተናባሪው ያያታል፣ ከዚያ ዘማሪዋ፣ እሁድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለልጅቷ ባል ሊመጣ ነበር፣ ይቀራል። ሰው ይዋሻል፣ መድኃኒቱን ደብቆ ይገባል ወይም ጥሎት ይገባል። ለማዳን ያወጣችሁት ሕግ የባሰ ያስደብቃል።

ሲስተር፦ ይህ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ከባዱ ነው። መልስ አለኝ ብዬ አላታልልህም።

የባቲዋ፦ አሰላሙ አለይኩም። እኛም ጋ ፈቃዱ አለ። የታመመና መንገደኛ በሌላ ቀን ያውጣ የሚለው ቁርኣን ላይ ነው። ሳያፈጥሩ ቀንን ከቀን ማያያዝን፣ ዊሳልን፣ ነቢዩ ﷺ ለሰዉ ከልክለዋል። ታዲያ ችግሩ ፈቃድ ማጣት ነው? አይደለም። ሰዉ አይጠቀምበትም! አጎቴ ሊቲየም የሚባል የባይፖላር መድኃኒት ይወስዳል። በረመዳን «ሰው ሁሉ እየጾመ እኔ ልብላ?» ብሎ ለማንም ሳይናገር ገባበት። ውሃ የለም፣ ሙቀቱ የባቲ ሙቀት ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያስመልሰዋል፣ ስማችንን ያደበላልቃል። ሐኪሙ ያለን ውሃ ሲያንስ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል ነው። ቀድሞ ቢጠይቅ ወይ መጠኑን ያስተካክሉለት ነበር፣ ወይ አትጹም ይሉት ነበር። እኔ «ያስገድድ» ነኝ። ጠያቂ ቢኖር ኖሮ ይናገር ነበር፤ ወንድ ልጅ ነው፣ በራሱ አይናገርም።

ጠበቃው፦ ስለ ሕጉ ላስገባ። ዲያቆኑ የሚተማመነው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ ነው፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ግን አንቀጽ 27 ንኡስ 5ንም አንብቡ። ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ለሕዝብ ጤንነትና ደኅንነት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ክርክር አይሠራም። «ይጠቅማል ወይ?» ነው ጥያቄው። ኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. የሆነውን አስታውሱ። ኢየሱስን ለማግኘት ጹሙ ተብለው ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ፣ ሕፃናትም አሉበት።

የሽሮሜዳው፦ ሻካሆላን እዚህ ማምጣት ነገር ማጋነን ነው። ያ ወንጀል ነው፣ ለወንጀል ሕግ አለ። ሕፃን አስርቦ የሚገድል ሰው «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ እንዲጠይቅ ብታዙት ምን ይለወጣል?

ጠበቃው፦ ተቀብያለሁ፣ ያ ምሳሌ ለኛ ጥያቄ አይሆንም።

ሲስተር፦ የኛን አገር ምሳሌ እኔ ልስጥ። የት እንደሆነ አልናገርም። አንድ ወጣት ድምፅ ይሰማው ነበር። መድኃኒት ጀምሮ ሥራ ተመልሶ ነበር። ጸበል ሄደ፤ መሄዱን እኔም አልተቃወምኩም። እዚያ አንዱ አስታማሚ፣ ቄስ እንኳ ያልሆነ፣ «ጸበልና ኪኒን አይስማሙም» ብሎ አስጣለው። ሱባኤ አስያዘው። እናቱ ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ነበር፣ ልትሰጠው ግን ፈራች። ወደኛ ሲመለስ በገመድ ታስሮ ነው፣ የእጁ አንጓ ተልጧል። የጎዳው ጸበሉ አይደለም። የመድኃኒቱ መቋረጥ፣ ከላዩ ላይ ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ነው።

ዲያቆኑ፦ አንጀቴን በላሽው። ግን እኮ ቤተ ክርስቲያን ይህን መልሳለች። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጥለው ጸበል ላይ ሰው ሲሞት፣ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር ውሰዱ ብለዋል። ይኸው መሰለኝ መንገዱ። ያቺ እናት የፈራችው ሕግ ስለሌለ አይደለም፣ ሃጢአት መስሏት ነው። አስታማሚው ፊት አንድ አባት «ልጅሽ ኪኒኑን ይዋጥ» ቢላት ቋጠሮዋን ትፈታ ነበር። ፖሊስ ቢላት አትፈታም።

የባቲዋ፦ እስቲ ታዲያ ይበሉ! አንድ ጊዜ የተነገረውን ያ አስታማሚ አልሰማውም ማለት ነው።

ከዳላስ፦ ዲያቆን፣ ለገዳሙ ይሁንልህ። የኔ አሰልጣኝ ግን ጳጳስ የለውም። እሱን ማን ይቆጣው?

የሽሮሜዳው፦ ገንዘብ የሚቀበለውንማ ይገደድ፣ እዚያ ላይ አልከራከርም። ነጋዴ ነው፣ እንደ ነጋዴ ይጠየቅ። ለሱባኤ ግን አሁንም እንቢ።

ሐዋሳ፦ ለነጋዴው እኔም እሺ። ጸሎት ቤት ላይ ከሆነ ግን ወረቀቱ ይቅር። የሚያስጾመው ሰው ሁሉም በተሰበሰበበት «መድኃኒት የምትወስዱ አታቁሙ፣ እየወሰዳችሁ እንደምትችሉት ጹሙ» ብሎ ይናገር። ስም አይጠራም፣ ማንም አይታወቅም።

ጠበቃው፦ ይህ እኮ ለሕግም ይመቻል። «ይጠይቅ» የሚለውን ትተን «ያሳውቅ» ብንልስ?

ሲስተር፦ ለአብዛኛው ይሠራል። ማኒያ እየጀመረው ላለ ሰው አይሠራም፤ እሱ ታምሜያለሁ አይልም፣ ማስታወቂያው ለሌላ ሰው ይመስለዋል። ለሱ የግድ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ሌሊት ያልተኛ፣ ወሬው የማይያዝ፣ ተመርጫለሁ የሚል ካለ ጾሙ ያን ቀን ይቁም፣ ቀስ ብሎ ይመገብ፣ ቤተሰብ ይጠራ። ይህን ማወቅ ዲግሪ አይጠይቅም።

እንግዳ፦ ይቅርታ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እናቴ የድብርት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ፍልሰታን ሁሌ ትጾማለች። ልከልክላት?

ሲስተር፦ አትከልክያት፣ ትጣላሻለች 😄 ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ሐኪሟ ጋ ውሰጃት። ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይበቃል። በራሷ እንዳታቋርጥ ብቻ፤ ድንገት ሲቆም ያዞራል፣ ያነጫንጫል፣ ድብርቱም ሊመለስ ይችላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባት ያንንም ንገሪው። ንስሐ አባቷ ጋም አብረሻት ሂጂ።

አወያይ፦ ድምፅ መስጫውን አሁን ለጥፌዋለሁ፣ እስከ ነገ ማታ ክፍት ነው። ምርጫዎቹን ሦስት አድርጌያለሁ፦ ሁሉም ይገደድ፣ የሚያስከፍለው ብቻ ይገደድ፣ ማንም አይገደድ። የ21 ቀኑ ማስታወቂያ ባለቤት ግሩፑ ውስጥ ነህ፣ ሁሉንም መልእክት አይተሃል። አንተስ ምን ትላለህ?