ዳይክሎፌናክ ከግፊት መድኃኒት ጋር፦ መርፌው ከኪኒኑ ይሻላል?

ብልቃጥ (ጥያቄ)
ታካሚዋ የ62 ዓመት እናት ናቸው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ የመገጣጠሚያ መበላት አለ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ. እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚ.ግ. በየቀኑ ይወስዳሉ። ጨጓራቸውንም አልፎ አልፎ ያቃጥላቸዋል። አሁን ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ 50 ሚ.ግ. በቀን 3 ጊዜ ታዞላቸዋል። «ኪኒኑ ጨጓራ ስለሚልጥ በመርፌ ይሁን» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። መርፌው በእርግጥ ጨጓራን ያተርፋል? ከግፊት መድኃኒቶቹ ጋርስ ይስማማል? ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ6 ወር በፊት ደህና ነበር።

ሙቀጫ (መልስ)
አያተርፍም። ኪኒኑ ጨጓራን የሚጎዳው በዋናነት ስለሚነካው አይደለም። የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነውን ልጋግ የሚያስመነጩት ፕሮስታግላንዲኖች የሚባሉ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ዳይክሎፌናክ ደግሞ እነሱን የሚሠራውን ኮክስ ኢንዛይም ያግዳል። በዳሌ ተወጋ፣ በፊንጢጣ ተሰጠ፣ ደም ውስጥ ከገባ ጨጓራ ጋ ይደርሳል። እንዲያውም አብዛኛው የዳይክሎፌናክ ኪኒን ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አንጀት ሲደርስ እንዲሟሟ የተለበጠ ነው። ሰባብሮ ወይም አድቅቆ መስጠት የማይገባውም ለዚህ ነው።

መርፌው የራሱ ጣጣም አለው። መጠኑ 75 ሚ.ግ. በቀን አንዴ ሲሆን ጥልቅ ጡንቻ ውስጥ፣ በመቀመጫው የላይኛ ውጫዊ ሩብ ላይ ይወጋል፤ ከ2 ቀን በላይ አይቀጥልም። ቦታው ከተሳተ የእግር ነርቭ ሊጎዳ፣ ሥጋውም ሊሞት ይችላል። ለወራት ለሚዘልቅ የጉልበት ሕመም ፈጽሞ የሚሆን አይደለም።

የኩላሊት ዘብ (መልስ)
ጥያቄው ጨጓራ ላይ ቢያተኩርም እኔን የሚያስፈራኝ ኩላሊቱ ነው። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ክፍት አድርገው የሚይዙት ፕሮስታግላንዲኖች ናቸው፤ ዳይክሎፌናክ ያጠብበዋል። ኢናላፕሪል ደግሞ የመውጫውን ቧንቧ ያሰፋል። መግቢያው ጠብቦ መውጫው ሲሰፋ የማጣሪያው ግፊት ይወድቃል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በዚያ ላይ ፈሳሽ ይቀንሳል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ብቻ ኩላሊቱን ሊያቆመው ይችላል። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ሊያሻቅብ ይችላል፤ ግፊቱ ራሱ በመድኃኒት አልወርድ ሊል ይችላል።

የ6 ወሩ ክሬአቲኒን ለዛሬ አይበቃም። የግድ ከተጀመረ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይመርመር፤ ግፊትም ይለካ።

ብልቃጥ
ታዲያ ሕመሙን በምን እናስታግሰው?

ሙቀጫ
ጉልበት ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ መሞከር ያለበት 1% የዳይክሎፌናክ ጄል ነው። ለእያንዳንዱ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ። ለሁለቱ ጉልበት በቀን 32 ግራም ይሆናል፤ ይህ የቀኑ ጣሪያ ስለሆነ ትከሻ ላይ ልጨምር አይባልም። ወደ ደም የሚገባው በኪኒን ከሚገባው 6% ገደማ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ጣት ጫፍ ላይ ጠብ አድርጎ በ2 ቀን ስለሚተወው ነው። መላ ጉልበቱ ዙሪያ በደንብ ይታሽ፤ 1 ሳምንት ይታገሱት። ከተቀባ በኋላ ለ1 ሰዓት ውኃ አይንካው፣ በፋሻ አይታሰር፣ ሙቀት አይደረግበት፣ የተላጠ ቆዳ ላይ አይቀባ። ከገበያ ጠንከር ያለ ጄልም ስላለ ቱቦው ላይ ያለውን መቶኛ ማየት ነው፤ የእሱ አጠቃቀም ሌላ ነው። ካልበቃ ፓራሲታሞል 1 ግራም ይታከል፤ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ፤ ለከሱ ወይም ጉበታቸው ለደከመ ከዚያም ያንሳል።

የኩላሊት ዘብ
አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ድካም፣ የልብ ደም ቧንቧ ጥበት ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ዳይክሎፌናክ ኪኒን አይወስድም። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን በ2013 ነው ያሳሰበው። እኚህ እናት ግፊት ስላለባቸው ይህን መጠየቅ አይዘለል።

ሐኪማቸው ኪኒኑ ግድ ነው ካሉ ደግሞ በአነስተኛው መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ. ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት እየተወሰደ ይሁን። ኦሜፕራዞል የሚጠብቀው ጨጓራን ብቻ ነው፤ ለኩላሊት ምንም አይሠራም። ቤት ውስጥ አይቡፕሮፌን እንዳይደርቡ አደራ፤ ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ሰገራ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ሽንት ካነሰ ወይም እግር ካበጠ ኪኒኑ ወዲያው ይቁም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይኬድ።