ፊልሙን ካየሁ በኋላ «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን»ን ላንብበው ወይስ ልተወው?

ማታ_አንባቢ
ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን»ን አየሁት፤ የኮኤን ወንድማማቾች የ2007ቱን ፊልም። ሌሊቱን በቅጡ አልተኛሁም። ያስጨነቀኝ ደግሞ ደሙ አይደለም። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያ ገዳይ፣ አንቶን ቺጉር፣ ባለሱቁን ሳንቲም ወርውሮ «ምረጥ» የሚለው ቦታ ነው። ማንም አልተነካም፣ አንዲት ጠብታ ደም የለችም፣ እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ነው ያየሁት። አሁን የኮርማክ ማካርቲን መጽሐፍ ማንበብ አማረኝ፣ ግን ፈራሁ። ጓደኛዬ «መጽሐፉ ይብሳል፤ ካሜራው ዞር የሚልበትን ሁሉ አፍንጫሽ ሥር ያመጣልሻል» አለችኝ። ያነበባችሁ እስቲ ንገሩኝ፣ ጭካኔው ከፊልሙ ይበልጣል? ደግሞስ ማን እንደሚሞት እያወቅሁ ምን ይቀርልኛል? መጨረሻውን አትደብቁኝ፣ አይቼዋለሁ።

ሰርክ_ገጽ
እህቴ፣ አንብቢው። ብዙ ይቀርልሻል።

ስለ ጭካኔው ልንገርሽ። ማካርቲ ግድያን አያስጌጥም። እጁ ይህን አደረገ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰውዬው ወደቀ፣ አለቀ። ያቺ ቺጉር የሚይዛት፣ ቄራ ውስጥ ከብት የሚጣልባት በታመቀ አየር የምትሠራ መሣሪያም ስትመጣ እንዲሁ በደረቁ ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ በደም ብዛት ከሆነ ከፊልሙ አይብስም። የሚከብደው ሌላ ነው። ቺጉርን እንዲያድን የተቀጠረው ካርሰን ዌልስ ሆቴል ውስጥ ሲገደል ፊልሙ ላይ ስልኩ ይጮሃል፣ ደሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። መጽሐፉ ግን በዚያች ቅጽበት ከሰውዬው ጋር አብሮ የሚጠፋውን ይዘረዝርልሻል፤ የእናቱን ፊት፣ የመጀመሪያ ቁርባኑን፣ የሚያውቃቸውን ሴቶች፣ እሱ ራሱ ሲገድላቸው ያያቸውን ፊቶች። ጥቂት መስመር ናት። እኔ እዚያ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

ዋናው ግን ሸሪፉ ነው፣ ኤድ ቶም ቤል። መጽሐፉ 13 ምዕራፍ አለው፣ እያንዳንዱ የሚከፈተው በእሱ አንደበት ነው። ፊልሙ ከዚያ የወሰደው ጥቂቱን ነው። በተለይ የጦርነቱን ነገር ሙሉ በሙሉ ትቶታል። ቤል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ጓዶቹ ፍርስራሽ ሥር ተቀብረው ሳለ እስኪመሽ መትረየሱን ይዞ ተዋግቶ ከዚያ ትቷቸው ሸሸ፣ ለዚሁ ውጊያም ሜዳሊያ ተሸለመ። ይህን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ኖሮ መጨረሻ ላይ ለአጎቱ ይናገራል። ይህን ካነበብሽ በኋላ ሽማግሌው ለምን ሥራውን እንደሚለቅ ሌላ ሆኖ ይገባሻል። ዘመኑ ከፋብኝ ብሎ ብቻ አይደለም። ለእኔ ይህ ከፊልሙ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ፊልሙን በጣም ብወደውም።

የኔታ_ደቀመዝሙር
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን «አይብስም» በሚለው አይደለም። ሁለት ቦታ መጽሐፉ ይጨክናል፣ ብታውቂው ይሻላል።

አንደኛው ካርላ ጂን ናት፣ ገንዘቡን አግኝቶ የሸሸው የሞስ ሚስት። ፊልሙ ላይ ቺጉርን ሳንቲሙን አልመርጥም ትለዋለች፤ ምርጫው የሳንቲሙ ሳይሆን ያንተ ነው ብላ ፊት ለፊት ትቆምበታለች። መጽሐፉ ውስጥ ትመርጣለች። ዘውድ ትላለች፣ ጎፈር ይወጣል። ልጅቷ ገና 19 ዓመቷ ነው። ፊልሙ ያስቀረላትን ክብር ማካርቲ ነጠቃት፣ እኔ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ፣ ተስፋ አድርጋ መምረጧ ነው አንጀት የሚበላው።

ሁለተኛው የሞስ አሟሟት። ፊልሙ ላይ ደርሰን የምናየው ሬሳውን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ከቤት የጠፋች አንዲት ታዳጊ መንገድ ላይ አግኝቶ አሳፍሯታል፣ ገንዘብም ሰጥቷታል፣ አልነካትም። ሞቴሉ ጋ አንድ ሜክሲካዊ ገዳይ፣ ቺጉር አይደለም፣ ጭንቅላቷ ላይ ሽጉጥ ሲደቅንባት ሞስ መሣሪያውን መሬት ያስቀምጣል። ሰውየው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን ይመታል። ይህንንም በዓይናችን አናየውም፣ ፖሊስ ከምስክር የሰማውን ለቤል ሲነግረው ነው የምንሰማው። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣው 2.4 ሚሊዮን ዶላር ነው ብለሽ ስትናደጂበት የቆየሽው ሰው ለማያውቃት ልጅ ብሎ መሣሪያውን ሲጥል፣ ያኔ ነው ለሞስ ያለቀስኩት። ፊልሙ ላይ አላለቀስኩም።

ዳላስ_ነኝ
ቴክሳስ ለምንኖር ሌላም ነገር አለው። ከዳላስ ወደ ምዕራብ ድንበሩ ድረስ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ ሰዓታት ትነጃለሽ፣ ቁጥቋጦና አጥር ብቻ፣ ከዚያ አንድ ነዳጅ ማደያ። ፊልሙ የተቀረፀው አብዛኛው ኒው ሜክሲኮ ነው፣ ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ማርፋ በምትባል ከተማ አካባቢም የተቀረፀ አለ፤ መጽሐፉ ግን መንገዶቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዙን በስማቸው እየጠራ ነው የሚሄደው። ካርታ ከፍተሽ አንብቢው።

እንግሊዝኛው አይክበድሽ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር ነው፣ ንግግሩ ግን ትእምርተ ጥቅስ የለውም፣ ማን እንደተናገረ ከአነጋገሩ ነው የምትለዪው። መጀመሪያ ያደናግራል። አንድ ምዕራፍ ታገሺው።

ማታ_አንባቢ
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የጦርነቱን ነገር ስሰማ ወሰንኩ፣ አነበዋለሁ። የካርላ ጂንን ቦታ ግን ቀን ላይ ነው የማነበው፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለ። ከወደድኩት ቀጥሎ የትኛውን የማካርቲ መጽሐፍ ልያዝ?

ሰርክ_ገጽ
«ብለድ ሜሪዲያን»ን ብቻ እንዳትጀምሪ። የ1985 መጽሐፉ ነው፣ ብዙዎች ትልቁ ሥራው ይሉታል፣ እኔም እላለሁ፣ ግን ጓደኛሽ ያስፈራራችሽ ነገር በሙሉ ያለው እዚያ ነው። ሕፃን አይምርም። «ዘ ሮድ» ይቅደም፤ እሱም ይከብዳል፣ ግን አባትና ልጅ አሉበት።